የታጠፈው ሥር

የረጠበ የችግኝ አፈር ሲሸተኝ ቴፒ ትዝ ይለኛል። በደርግ ጊዜ ክረምት ላይ እኛ ተማሪዎች በመንግሥት እርሻ ቡና እንተክል ነበር። አንድ ቀን ድርሻዬን ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ ኮራሁ። ተቆጣጣሪያችን እማማ አስካለ ግን አንዱን ችግኝ ነቅለው አሳዩኝ፤ ሥሩ ታጥፏል።

«ይሄ አሁን አይሞትም» አሉኝ። «ለምልሞ ለምልሞ፣ ሊያፈራ ሲል ነው የሚደርቀው።»

«ያኔ እኔ እዚህ የለሁም! ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሻ!»

እያለቀስኩ፣ ዝናብ እየወረደብኝ፣ መስመሩን በሙሉ ነቅዬ እንደገና ተከልኩ። የሕይወቴን ሥራ ያገኘሁት እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው።

ዛሬ ሚዛን ከተማ ውስጥ ችግኝ አፈላለሁ። ሠራተኞቼ «ማን ያየዋል?» ሲሉኝ እስቃለሁ፤ ሥሩን በጣቴ ሳላቃና አልተክልም። የዚያ መስመር ቡና አፍርቶ ይሁን ደርቆ ግን ሄጄ አይቼ አላውቅም።