አያቴ ያልታጠቡበት ሻወር

አዘዞ ያለው ቤታችን የሻወር መክፈቻው ሲበላሽ አዲሱን ራሴ በየድኩት። የመዳብ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውሃ ሳላደርቅ ስለበየድኩ ብየዳው በደንብ ሳይዝ ቀርቶ አንጠባጠበ። በማግስቱ አድርቄ አስተካከልኩት፤ አያቴ ግን ይቅር አላሉኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ሻወሩ ሥር ቆመው ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ታጠቡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይኼ የበየደው ሻወር ሬሳም አያጥብም» እያሉ ያዋርዱኝ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት አረፉ። በእስልምናችን ደንብ ወንድን ወንድ ስለሚያጥብ ገላቸውን ያጠብነው እኔና አጎቴ ነን። ጀሪካናቸው ባዶ ስለነበር ሻወሩን ከፈትኩት። አጥበን ስንጨርስ ዘጋሁት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም። ደስ አለኝ።

«ይኸው፣ አዩት?» ብዬ ወደ ፊታቸው ዞርኩ።

አጎቴ መገነዣውን ከፈን አቀበለኝ።