ሞዴሌን ያስቸገረች መንደር

የልጆች ከልክ ያለፈ ውፍረት ከምን እንደሚመጣ በስታቲስቲክስ እያጠናሁ ነበር። ልጁን፣ ቤተሰቡንና ሰፈሩን በየደረጃው የሚያይ ሞዴል ሠርቼ የፒያሳን ሰፈሮች ሳነጻጽር፣ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ያለች አንዲት መንደር አስቸገረችኝ። የልጆቹ አመጋገብ ከሌላው ሰፈር አይለይም፤ ውፍረቱ ግን እዚያ የለም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደጋግሜ ብሠራውም ያው ሆነ። በመጨረሻ ላፕቶፔን ዘግቼ በእግሬ ሄድኩ።

መግቢያው ላይ፣ ሰፈሩ እትዬ ዘይነባ የሚላቸውን ባለሱቅ አገኘሁ።

"እትዬ፣ እዚህ ልጆች ምን ይበላሉ?" ስላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ከወረዳ ነሽ?"

"አይ፣ ተማሪ ነኝ።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

አፍሬ ስለ ሞዴሉ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን ሳልጨርስ ተነሱና አግዳሚ ወንበራቸውን ጎትተው መንገዱ መሃል አጋደሙት። አንድ ባለመኪና ጡሩምባ ነፋ።

"በዚያ ዙር!" አሉት። ሳይከራከር ዞረ።

"ማን ፈቅዶልዎት ነው መንገድ የሚዘጉት?" አልኩ ደንግጬ።

"ማንም። ልጆቹ መጫወቻ ቦታ አጥተው ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ሲያመሹ አላስችል አለኝ። አሁን ከትምህርት ቤት በተመለሱ ቁጥር እዘጋዋለሁ።"

ወዲያው መንገዱ በልጆች ጩኸት ተሞላ። ሞዴሌ ያላወቀውን ነገር በደስታ ልጽፍ ማስታወሻ ደብተሬን ሳወጣ፣ እትዬ ዘይነባ ደብተሩን ተቀብለው የመዝለያ ገመድ ጫፍ አስያዙኝ። ሻሻቸውን አጠበቁ፤ ቀሚሳቸውንም ሰብሰብ አደረጉ።

"በይ አዙሪ፤ ተራው የኔ ነው!"