የኢርያ ጎጆ

ሬይኖ ሳልሜላ ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ መፍታት እንቢ አለው። የመንደሩ ሌሎች ጡረተኞች ሐይቁ ሲጋገር በረዶውን በስተው ዓሣ ሲጠብቁ፣ እሱ የሚስቱን የልብስ መስፊያ ክፍል ግማሹን ለምኖ አንድ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተርን ከስልክ የሚያገናኝ ሞደምና ሁለተኛ የስልክ መስመር አስገባበት። የመልእክት ሰሌዳ ከፈተ።

ሰሌዳው ቀላል ነገር ነበር። ኮምፒውተር ያለው ሰው ከቤቱ ይደውላል፤ የሬይኖ ኮምፒውተር ያነሣል። ደዋዩ መልእክት ያነባል፣ መልእክት ይተዋል፣ ይጫወታል፣ ይሰናበታል። መስመሩ አንድ ስለሆነ ደዋዩም አንድ ነው። አንዱ ገብቶ ከተቀመጠ ሌላው ተራው እስኪደርስ ደጋግሞ መሞከር አለበት። በአሜሪካ፣ በሚሺገን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በረዶው እስከ መስኮት በሚደርስበት መንደር፣ ተራ መጠበቅ ማንንም አያስከፋም።

“ሌላ ሴት ከምታመጣብኝ ይኼ ይሻለኛል” አለች ሚስቱ ኢርያ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ እየገፋች። “ቢያንስ አይበላም።”

ኢርያ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራ ነበር። እዚያም ኮምፒውተር ስለነበረ በምሳ ሰዓት ወደ ገዛ ቤቷ ትደውልና ከማሽኑ ጋር ዳማ ትጫወታለች። ስትጨርስ ለባሏ መልእክት ትተዋለች፦ “አሸነፍኩት። ድንቹን ላጥ፣ እየመጣሁ ነው።” ከእሷ በቀር ያንን ዳማ የሚነካው አልነበረም። ሌሎቹ ቀርፋፋ ነው ይላሉ።

ዳማው የሰሌዳው አካል አይደለም፤ ኋላ የተገጠመ ነው። እንዲህ ያሉትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ባለሰሌዳዎቹ “በር” ይሏቸዋል። ደዋዩ በሩን ሲያንኳኳ ሰሌዳው በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ የደዋዩን ስምና የቀሩትን ደቂቃዎች ጽፎ ያስቀምጣል። በሩ ወዲያ ያለው ጨዋታ ያቺን አንብቦ እንግዳውን በስሙ ይቀበላል። እንግዳው ጨርሶ ሲመለስ ሰሌዳው ፋይሏን ያጠፋታል። ለሚቀጥለው ሰው አዲስ ትጻፋለች።

አንድ የኅዳር ቀትር ላይ፣ ኢርያ ዳማ ላይ እያለች፣ ዝናቡ ሽቦው ላይ በረዶ ሆኖ እየተጋገረ ምሰሶዎቹን ጣለ። መስመሩ ተቆረጠ። ማታ ከበረዶ ጫማዋ ላይ በረዶውን እያራገፈች ገባች።

“እያሸነፍኩ ነበር፤ መስመርህ አዳነህ።”

“እኔን ምን አገባኝ? የምትጫወቺው ከማሽኑ ጋር ነው።”

“ያው ነው። ሁለታችሁም አትናገሩም።”

መስመሩ ሳይጠገን ሕመሟ ተነሣ። ክረምቱን ሆስፒታልና ቤት ስትመላለስ ከርማ፣ አፈሩ ለመቆፈር ሲላላ ቀበሯት። ሬይኖ ዳማውን ከሰሌዳው ዝርዝር ላይ አወጣው። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ግን አልሰረዘውም። ቦታ አይፈጅም አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ጎረቤቱ ኦኒ ካርቮነን ይነዘንዘው ጀመር። ኦኒ እንጨት ቆራጭ የነበረ፣ አንድ ጣቱን ለመጋዝ የሰጠ፣ ምላሱን ግን ለማንም ያልሰጠ ሰው ነው።

“ሰሌዳህ እንደ አንተው አርጅቷል። አዲስ ነገር የለውም። ቨርና የለጠፈችውን ሥጋና ድንች የሚሞላውን የፓስቲ አሠራር ሦስቴ አነበብኩት፤ ከእንግዲህ ራሴ ልጋግረው ነው።”

“ብትጋግረው ማን ሊበላልህ?”

“አንተ ነሃ። ካዘንክ ወዲህ የማትበላው የለም።”

ሬይኖ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ጨዋታ አዘዘ። በፖስታ ሁለት ዲስኬት መጣለት። “የክረምት መንደር” ይባላል። እያንዳንዱ ደዋይ አንድ ጎጆ፣ አንድ ላምና ለቀኑ የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። ማገዶ ይፈልጣል፣ ላሟን ያልባል፣ ጣራው ላይ የተከመረውን በረዶ ይጠርጋል። እሳት ሳይነድበት የከረመ ጎጆ በረዶው ያፈርሰዋል፤ ከመንደሩም ይጠፋል። ጎረቤት ለጎረቤት ማገዶ መውሰድ ይችላል። እሳቱን ማንደድ የሚችለው ግን የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው።

አዲስ በር መግጠም ብዙ ትእዛዝ መጻፍ ይጠይቃል፤ ባለሰሌዳ ሁሉ የሚያደርገውን ሬይኖም አደረገ። የቆየውን የዳማውን ትእዛዝ ገለበጠና የጨዋታውን ስም፣ ቦታውን፣ የሞደሙን ፍጥነት አንድ በአንድ ቀየረ። ጨረሰና በራሱ ስም ገብቶ በሩን ሞከረ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከዚያ የበረዶ ነጠብጣቦች ወረዱበትና ከሥር ጽሑፍ መጣ።

“እንኳን ደህና መጡ፣ ኢርያ ሳልሜላ። አርባ አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል።”

ሬይኖ እጁን ከቁልፍ ገበታው ላይ አነሣ።

የሆነውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ መስመር ሳይቀይር ቀርቷል። አዲሱ ጨዋታ የእንግዳውን ስም የሚያነበው ከአሮጌው ከዳማው ቤት ነው። እዚያ ደግሞ፣ መስመሩ በተቆረጠበት ቀን ኢርያ ከበሩ ስላልተመለሰች፣ የሚያጠፋት ያጣች ፋይል ተቀምጣለች። ስሟ አለባት። ያልተጫወተቻቸው ደቂቃዎች አሉባት።

ማስተካከያው የአንድ ቃል ሥራ ነው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ መንገዱን የዘጋውን በረዶ ሊዛቅ ወጣ። ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ አለ። በሩን ግን ክፍት አድርጎ ተወው፤ ሰዎች እየጠበቁ ነው ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፣ ሞደሙ አፏጨ፤ ቨርና ትሬዲኒክ ነበረች። ቨርና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት፤ ከኢርያ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ስትበላ ኖራለች። ባለሰሌዳ ደዋዩ የሚያየውን በራሱ ስክሪን ያያልና ሬይኖ ተቀምጦ ተመለከተ። ቨርና አዲሱን በር አንኳኳች። ሰላምታው ወጣላት። ሬይኖ፣ አሁን ትጽፍልኛለች፣ ተሳስተሃል ትለኛለች፣ ብሎ ጠበቀ። ቨርና ላሚቱን አለበች፣ ጣራውን ጠረገችና ወጣች። መልእክት አልተወችም።

ቀጥሎ ኦኒ ገባ። እሱም ዝም አለ፤ ኦኒ ዝም ማለቱ ራሱ ወሬ ነበር። ማገዶ ፈለጠ። ጉልበቱን ሁሉ አልጨረሰም፤ ለእሳት ማንደጃ የሚበቃ ትቶ ወጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ማንም ምንም ሳይባባል የኢርያን ቀን ተከፋፈሉት። አንዱ ይፈልጣል፣ አንዷ ታልባለች፣ ሌላው እሳት ያነድዳል። ከሰሌዳው ደዋዮች መካከል ለራሱ ጎጆ የጠየቀ አልነበረም። ሬይኖ በየቀኑ የልብስ መስፊያው ክፍል ተቀምጦ ጭስ ከጎጆዋ ሲወጣ ያያል። ጭሱ ሦስት ነጥብ ነበር፣ አንዱ ካንዱ በላይ።

ቅዳሜ ኦኒ ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ክፍል፣ ሊታጠብ መጣ። የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ እየጨለፉ ከተቀመጡ በኋላ ሬይኖ ጀመረው።

“ጨዋታው ላይ አንድ ስህተት አለ።”

“የቱ ጋ?”

“አንተንም ኢርያ ብሎህ የለ?”

ኦኒ ላቡን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ። “ሆን ብለህ ያደረግከው መስሎኝ።”

“እንደዚህ ያለ ነገር ሆን ብዬ የማደርግ ሰው እመስላለሁ?”

“አትመስልም። ለዚህ እኮ ነው ምንም ያላልኩህ።” ውኃ ጨመረ። “ቨርናም እንዲሁ አስባለች። ‘እንዳትነካካው’ አለችኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቷ አንድ ቀን ማገዶ ያልፈለጥኩላትን ሴት አሁን በየቀኑ እፈልጥላታለሁ። ከላይ ሆና ታይ እንደሆን ሳቋ አያባራም።”

“ላስተካክለው ነው።”

“መቼ?”

ሬይኖ ድንጋዩ ላይ ሌላ ውኃ ጨለፈ።

ቅዳሜው አለፈ፤ ሌላም ቅዳሜ አለፈ። ከዚያ ከኮረብታው ማዶ ካለው መንደር አንድ አዲስ ደዋይ መጣ። ዴል ሃቨርካምፕ ይባላል፤ የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ኢርያን አያውቃትም። በሩን አንኳኳ፣ ሰላምታውን አየ፣ ትከሻውን ሰብቆ መሆን አለበት፣ ጨዋታውን ቀጠለ። ሬይኖ ድንች ሊያወጣ ጓዳ ገብቶ ነበር። ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ገበያው ተከፍቷል። ዴል ላሚቱን ሸጧታል፤ በዋጋዋም ጠመንጃ ገዝቷል።

ሬይኖ ከደዋዩ ጋር የሚያነጋግረውን ቁልፍ መታ። በቆመበት ጻፈ።

“እሷ ላም አትሸጥም።”

ከወዲያ ማዶ ፊደላቱ አንድ በአንድ መጡ።

“ይቅርታ ጌታዬ። ባለሰሌዳው ነዎት?”

“ነኝ።”

“አልገባኝም። ጨዋታው ኢርያ ይለኛል። እኔ ዴል ነኝ። ማን ናት?”

ሬይኖ ጻፈ፤ አጠፋ። እንደገና ጻፈ። “ሚስቴ ነበረች።”

ሬይኖ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት የሞደሙን መብራት አየ፤ እየበራ ነው።

“ላሚቱን ልመልሳት?” ሲል ጻፈ ዴል። “ጠመንጃውን ሸጬ።”

“ጨዋታው አይመልስም።”

“በጣም አዝናለሁ። እኔ ጎጆው ባዶ መስሎኝ ነው።”

ሬይኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋው። ሰውየው ምን አጠፋ? የተሰጠውን ስም ለብሶ ገባ። ቨርናም ኦኒም የለበሱትን ነው የለበሰው፤ እነሱ ኢርያን ስለሚያውቁ ብቻ እንደ እሷ አደረጉ። ጭሱን ሲያይ የሰነበተው የደዋዮቹን እሳት ነው። ማገዶው የኦኒ ነው። ኢርያ ከኅዳሩ ቀን ወዲህ ወደዚህ ቤት አልደወለችም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” ብሎ ጻፈ። “ነገ ደውል። በራስህ ስም ትገባለህ። ላምም ይሰጥሃል።”

“እሺ ጌታዬ። ጎጆዋስ?”

ሬይኖ “ደህና ዋል” አለው።

ዴል ሲወጣ ሬይኖ ስልኩ እስኪጮኽ አልጠበቀም። ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። “እንኳን ደህና መጡ፣ ኢርያ ሳልሜላ። አርባ አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል።” ምንም አልነካም። ጎጆው ስክሪኑ መካከል ቆሟል፤ ጋጣው ባዶ ነው። ደቂቃዋ ከጥግ ሆና ቁጥሯን ትቀንሳለች። በመስኮቱ በኩል የከሰዓቱ ብርሃን በስፌት መኪናው ክዳን ላይ ወርዶ፣ ጨርቁ ላይ የተሰካውን መርፌ ነካና አለፈ። ለሚደውሉ ሰዎች መስመሩ እንደተያዘባቸው ያውቃል፤ ይጠብቁ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጣራው ላይ በረዶ ሲከመር፣ ጠረገው።

ደቂቃው አለቀ። “ጊዜዎ አልቋል። ደህና ይሁኑ” አለ ጨዋታው፤ በሩም ተዘጋ።

ያን ጊዜ ትእዛዙን ከፈተና ያቺን አንድ ቃል ለወጠ። ወደ ዳማው ቤት ሄዶም ፋይሏን አጠፋ። ኮምፒውተሩ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ነኝ አለ። የጎጆዋን ዕድሜ በትእዛዝ ማራዘም እንደሚችል ያውቃል፤ የመንደሩ መዝገብ በእጁ ነው። አልነካውም።

እንደገና ገባ። “እንኳን ደህና መጡ፣ ሬይኖ ሳልሜላ።” አዲስ ጎጆ ተሰጠው፣ አንዲት ላምና የቀኑን ጉልበት። በጎረቤቶቹ ስም ዝርዝር ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር። ለራሱ እሳት ሳያነድ ማገዶ ፈለጠና ወደዚያ ወሰደ።

“ማገዶው በሩ አጠገብ ተደርድሯል” አለ ጨዋታው። “ቤት ውስጥ ሰው የለም።”

እስኪያልቅ አመላለሰ፤ ከዚያ ወጣ። መስመሩ ከመለቀቁ ስልኩ ጮኸ፤ ሞደሙ አፏጨ። ኦኒ ነበር። በሩን ከማንኳኳቱ በፊት መልእክት ጣለ፦ “እዚያ ውስጥ ተኝተህ ነበር እንዴ? ጣቴ አለቀ፤ ያውም የቀረኝ ዘጠኝ ነው።” ሬይኖ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ተቀምጦ አላየም። ወደ ጓዳ ሄደ፤ ቢላዋውን ከመሳቢያ አወጣና ድንቹን መላጥ ጀመረ።