ከነሥሩ የነቀልኩት ሰርዶ

አንድ እፍኝ ሣር ስለ ነቀለች ተማሪ መጻፍ ይገባል? ብዕር ከማንሳቴ በፊት ይህን ለራሴ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ሰው አልሞተም። ነገሩ በሁለት ጓሮዎች መካከል ተጀምሮ እዚያው አልቋል። አሁንም እየተጠራጠርኩ ነው የምጽፈው። ብቻ እትዬ ኩባያ ሲያነሱ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ያንን ባየሁ ቁጥር፣ መጀመሪያውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ እላለሁ።

የተወለድኩት ከተማ ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ነው። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። ጎመንና ቲማቲም የማውቀው እናቴ ከሲቀላ ገበያ በፌስታል ይዛ ስትመጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የእርሻ ትምህርት ለመምረጥ ስወስን፣ እናቴ ሳቀችብኝና ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝና አትክልት ከሚያለሙ አንድ ሴት ጋር አገናኘችኝ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጓሮውን ለብቻቸው የያዙ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሴት ናቸው። ሁሉም ሰው እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እትዬ አልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንድመጣ ተስማማን።

ትምህርቱ እንደጠበቅኩት ዘር መዝራትና ውሃ ማጠጣት አልነበረም። በመጀመሪያው ቅዳሜ እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ ገጀራ ነው። ከአንድ የሙዝ ግንድ ሥር ወደ ስምንት የሚሆኑ ቡቃያዎች ወጥተው ነበር።

«እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ» አሉ በጣታቸው ሦስቱን እያሳዩ። «ሦስት ይበቃል። ሌላውን ግደይ።»

ቡቃያዎቹ ለምለም ነበሩ። እጄ ዘገየ።

«አዘንሽላቸው?»

«ትንሽ፣ እትዬ።»

«ለሁሉም ካዘንሽ ሁሉም ይራባል። በይ፣ ከአንገቱ ሳይሆን ከሥሩ!»

መታሁት። ውሃው ፊቴና ቀሚሴ ላይ ተረጨ። የሙዝ ውሃ ልብስ ላይ ሲደርቅ ጥቁር እድፍ ይሆናል፤ በምንም አይለቅም። ያንን ቀሚስ ግን የመጀመሪያ ትምህርቴ ማስታወሻ ስለሆነ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። በሁለተኛው ቅዳሜ ድንች ሥር የገባ ፍልፈል በዶማ ጀርባ ሲመቱ አየሁ፤ አንዴ ብቻ ነው የጮኸው። በሦስተኛው ቅዳሜ ዝንጀሮዎች ፓፓያው ላይ ሲወርዱ ወንጭፍ አስተማሩኝ። የአንዱን ትከሻ ስመታ «ጎሽ! ሴቻ የወለደችው እጅ አይመስልም!» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት እየዘለልኩ ነው። ምስጋናቸውን ለማግኘት የማላደርገው ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቅዳሜ ስለ ሰርዶ ተማርኩ። «ሰርዶ ጠላት ነው» አሉኝ። «ቆርጠሽ ከተውሽው ከአንዷ አንጓ ሃምሳ ሆኖ ይመለሳል። ከነሥሩ አውጪው፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ስቀይው፤ ጠውልጎ ይሙት። አንዲት ክር አትተዪ።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ሁለቴ አሰመርኩበት።

የእትዬ ጓሮ ሕይወት አንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከኩልፎ የሚመጣው ቦይ ከጓሮው ራስ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ እሳቸው፣ ግማሹ ጋሼ ወደምንላቸው ጎረቤት ይሄዳል። ጋሼም ጥሩ የአትክልት ሰው ናቸው፤ ቲማቲማቸው የታወቀ ነው። ያ ግማሽ ውሃ ከቀረ በበጋ ሙዙ ይደርቃል። ሙዙ ከደረቀ እትዬ በዚያ ዕድሜያቸው ወደ ደጋ ወጥተው የወንድማቸው ጥገኛ መሆናቸው ነው። ይህን ራሳቸው ነግረውኛል። ያልነገሩኝ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ውሃ ምክንያት ከጋሼ ጋር ሊጋደሉ እንደነበር ነው። የአገር ሽማግሌዎች የእርቅ ምልክት የሆነውን ሣር ይዘው መካከላቸው ገብተዋል። ሲያስታርቋቸውም በእጃቸው የያዙትን ሰርዶ እዚያው የቦዩ መገንጠያ ላይ ተክለው፣ ዙሪያውን ሦስት ድንጋይ አድርገው፣ «ይህን የነካ እርቁን ነካ» ብለው ሄደዋል።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ስመጣ እትዬ ለቅሶ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ላስደስታቸው ብዬ የጎመኑን መደብ በሙሉ አረምኩ። ከዚያ ቦዩን እያጸዳሁ ወደ ላይ ወጣሁ። መገንጠያው ላይ ሰሐን የሚያህል፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ሰርዶ ቆሟል። እትዬን የሚያህል ሰው ይህንን እንዴት ዝም አለ ብዬ ገረመኝ። ሥሩ ጥልቅ ነበር፤ ዶማ አመጣሁ። ድንጋዮቹን ወዲያ አድርጌ፣ አንዲት ክር ሳላስቀር አወጣሁት። የፈረሰውን አፈር በጭቃ ጠገንኩ። ሣሩን እንደ ተማርኩት ፀሐይ እንዲመታው አጥሩ ላይ ሰቀልኩት።

ወደ ቤቴ ስሄድ ጋሼን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ አጥሩ ላይ ነበር። ሳይመልሱልኝ ሄዱ። አሟቸው ይሆናል አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሩቅ ጩኸት ሰማሁ። ውሃው በሙሉ ወደ ጋሼ ጓሮ ዞሯል። የእትዬ ጎመን ቅጠሉን መሬት ላይ ጥሏል። ጋሼ ገጀራ፣ እትዬ ዶማ ይዘው በቦዩ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ነቅለህ አጥሬ ላይ ትሰቅልልኛለህ? እንደ ውሻ ሬሳ!»

«እኔ? አጥሩ የማን ነው? ንፋስ ነው የሰቀለው?»

«ቲማቲምህ ቢጠማ ጊዜ እርቁን በላኸው!»

«አንቺ ነሽ የበላሽው! ገና ባልሽ በሕይወት እያለ ጀምሮ ይህን ውሃ ለብቻሽ እንደፈለግሽው ነው!»

ሣሩ ምን እንደነበረ ያወቅኩት ያኔ፣ ከስድባቸው ነው። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። እትዬ በዶማ የጋሼን መዝጊያ አፈር ናዱት። ጋሼ ቦዩን ተሻግረው ፍሬ የያዘ ሙዝ በአንድ ምት ጣሉ፤ ሌላም ጣሉ። እትዬ ዶማውን አነሱ። የጋሼ ትከሻ ላይ ሲያርፍ እንጨት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ገጀራው ወረደ፤ እትዬ ፊታቸውን ለመከላከል ስለቱን በባዶ እጃቸው ያዙት። ደሙ ቦዩ ውስጥ ሲፈስ ውሃው ተቀብሎት ወደ ጋሼ ቲማቲም ወሰደው። እኔ የማደርገው መጮኽ ብቻ ነበር። ጋሪ የሚነዱ ሰዎች ሮጠው ገላገሏቸው። የእትዬን እጅ በነጠላዬ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ሲሰፋቸው አልጮኹም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«አንቺ ምስክሬ ነሽ፣ ልጄ። ሣሩን የነቀለው እሱ መሆኑን ትናገሪያለሽ።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ይህን «እሺ» ነው ይቅር ልለው የማልችለው። ሰርዶውን ባለማወቅ ነቀልኩ፤ ይህንን ግን አውቄ ነው ያልኩት። እንዳይጠሉኝ ፈርቼ ነው።

ዝምታዬ ሌላ ደም አመጣ። የእትዬ የወንድም ልጆች ከደጋ ዱላ ይዘው ወረዱ። የጋሼን የፓፓያ ዛፎች ጨፈጨፉ፤ የመሣሪያ ማስቀመጫ ጎጇቸውን አቃጠሉ። የጋሼ ልጆች በበኩላቸው ከወንድም ልጆቹ አንዱን መንገድ ላይ ጠብቀው ጥርሱን አረገፉት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ሁለቱ ወገኖች ቦዩ ላይ ሊገናኙ መቀጣጠራቸውን ሰማሁ። በዕለቱ ክፍል ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ፤ ወጥቼ ወደ ኩልፎ ሄድኩ።

እኔ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቀድመውኛል። ዱላና ገጀራ በያዙት ወጣቶች መካከል፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። ከመካከላቸው ሰማንያ ዓመት የሚያልፋቸው ነበሩ። አንድ ድንጋይ ተወርውሮ የአንዱን አዛውንት ግንባር መታ። እሳቸው አልተነሱም፤ ደሙንም አልጠረጉም። ዱላዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ አየሁ።

ወዲያው ሽማግሌዎቹ ነገር ወደሚያዩበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻ ተሄደ። ንግግሩ በጋሞኛ ነበር፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ መለሱት። ግንባራቸው የደማው አዛውንት «ያየሽውን ተናገሪ፣ ልጄ» አሉኝ።

እትዬ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አልኩ። «እርቅ መሆኑን አላወቅኩም። አረም መስሎኝ ነው። አጥሩ ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ እትዬ ተነስተው መጡና በደህናው እጃቸው በጥፊ መቱኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ለሁለተኛ ጊዜ ሊመቱኝ እጃቸውን አንስተው እዚያው አየር ላይ ተዉት።

«ሰርዶ ጠላት ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «አንዲት ክር አትተዪ ብያታለሁ። ያንን ግን እንዳትነኪ አላልኳትም።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሣሩን አየሽና ገደሉን ሳታዪ! እንደ በሬው!» አሉኝ። ፍርዱም ወዲያው መጣ። የነቀልኩት እኔ ስለሆንኩ የምተክለውም እኔ ነኝ። ሣሩ ሥር እስኪይዝ የቦዩ አፍ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ውሃውን በተራ የሚለቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከደረቀ እርቁም ደርቋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

«ሰርዶ ከየት ላምጣ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አጥሩ ላይ የሰቀልኩት ሞቷልና።

ጋሼ የታሰረ ትከሻቸውን ይዘው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ከእትዬሽ ጎመን ውስጥስ አታገኚም፤ አስተማሪዋ ጎበዝ ናት። ከእኔ ቲማቲም ውሰጂ፤ እኔ እሷን ስጠብቅ ሞልቶታል።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙዎች ሳቁ። እትዬ አልሳቁም፤ ግን ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰርዶውን ከጋሼ መደብ ነቅዬ መገንጠያው ላይ ተከልኩት፤ ሦስቱን ድንጋይም ዙሪያው መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። በሕይወቴ ለምንም ነገር እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም፤ ለአረም ጸለይኩ። ከክፍል በወጣሁ ቁጥር ወደ ኩልፎ እየሄድኩ ዙሪያውን አረምኩለት። ጠዋት ጠዋት ከቦዩ ማዶ ጋሼ፣ ከወዲህ እትዬ መጥተው ጎንበስ ብለው ያዩታል፤ ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ። አንድ ቀን እትዬ «ውሃ አታብዢበት» አሉኝ፤ ከጥፊው ወዲህ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። በማግስቱ ጋሼ ያመጡትን ብስባሽ ፍግ መሬት ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ከዚያ አንዲት ቀጭን ክር ከጉቶው ወጥታ ከሦስቱ ድንጋይ አንዱን ተሻገረች፤ አንጓዋ አፈሩን ነከሰ። አዛውንቱ ተጠርተው መጡ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳቡት። አልተነቀለም። እትዬን በቀኝ፣ ጋሼን በግራ አቁመው የቦዩን አፍ የዘጋውን ድንጋይ አብረው እንዲያነሱ አዘዟቸው። ጋሼ ትከሻቸው፣ እትዬ ጣቶቻቸው እምቢ እያሏቸው አነሱት፤ ውሃውም ለሁለት ተከፍሎ ሄደ። ቀኑ የልደታ ማግስት፣ ግንቦት ሁለት ነበር።