በሐምሌ የለበስኩት ሱፍ

ባለፈው አርብ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ከከተማው ዳር ባልባላ ወዳለው ቤታችን መጥታ አንድ የእንግሊዝ ሰላይ ፊልም በስልኳ ከፈተችልኝ። ሰውየው ከሚቃጠል ፎቅ ዘሎ መኪና ጣሪያ ላይ አረፈና የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። ሳቄ አመለጠኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ እንዲህ ያለ ፊልም አያመልጠኝም ነበር። ከድሬዳዋ ወደዚህ የወደብ ከተማ መጥቼ አጎቴ ጨርቅ ቤት እሠራ ነበር። ሲኒማው በፈረንሳይኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባኝም፤ ሰላዩ ግን አስተርጓሚ አይሻም። አለቆቹ ሲቆጡት ይቀልዳል፤ ሽጉጥ ተደቅኖበትም ይቀልዳል። ሱፉ አይጨማደድም። እኔ ደንበኛ ድምፁን ከፍ ሲያደርግብኝ ምላሴ የሚተሳሰር ልጅ ነበርኩና እጅግ ያስቀናኝ ነበር። ድፍረቱ ከልብሱ የሚመጣ ይመስለኝ ስለነበር፣ ከሱቁ የተራረፈ ግራጫ ሱፍ ለምኜ አሰፋሁ። የመናዊው ልብስ ሰፊ ልኬን እየወሰደ፣ «የት አገር ልትለብሰው ነው?» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ጨርቅ ልትገዛ ስትመላለስ የወደድኳት ዘሃራ ሱቃችን መጣች። ከእሷ ጋር ስሆን ብቻ ምላሴ ይፈታል። ያን ቀን ጨርቁን በእጇ እየዳሰሰች፣ ቀና ሳትል፣ «የሐረር ሰዎች እሑድ ሽማግሌ ይልካሉ፤ አባባ እሺ ሳይላቸው አይቀርም» አለችኝ።

አጎቴ ለንግድ ድሬዳዋ ሄዷል። የምልከው ሽማግሌ አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሱፌን ለብሼ ብቻዬን ወጣሁ።

ሐምሌ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሐምሌ እሳት ነው። ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ፊት ላይ ይረጫል። ባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ቤታቸው ስደርስ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። አባቷ ሐጂ ዩሱፍ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሽርጣቸውን አገልድመው ተቀምጠዋል።

«ዘሃራን ልለምንዎ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ የለህም?»

«አጎቴ እስኪመለስ ብጠብቅ ይቀድሙኛል።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ፣ «ልትሞትብኝ ነው እኮ! ኮትህን አውልቅ» አሉ።

ይህን ነበር የፈራሁት። ጠዋት ስተኩስ ተቻኩዬ ሸሚዜን ጀርባው ላይ አቃጥዬዋለሁ። «ይመችኛል» አልኩ። አልሰሙኝም፤ ተነስተው ራሳቸው አወለቁልኝ። ቡናማ የካውያ ቅርጽ፣ እስከ ጫፉ! ከመጋረጃው ኋላ የታፈነ የሴት ሳቅ ሰማሁ። ያኔ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣

«ሐጂ፣ ፊት ለፊት ልለምን ስለመጣሁ ጀርባዬን አላሰብኩበትም» አልኩ።

ሐጂ ዩሱፍ እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀዝቃዛ ውሃ አስመጡልኝና ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «የሐረሮቹን ልጅ አላውቀውም» አሉ፤ «ሰው ልኮ ነው የሚያናግረኝ። አንተን ግን አሁን አወቅሁህ። አጎትህ ይምጣ፤ እስከዚያ ለማንም ቃል አልሰጥም።»

አጎቴ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ከረመዳን በኋላ ተጋባን።

አርብ ዕለት ፊልሙ ሲያልቅ ሰውየው ብቻውን በጀልባ ሄደ። ዘሃራ ከኋላዬ ቆማ ታይ ኖሮ፣ «ምስኪን፣ ቤት የለውም እንዴ?» አለች። በወጣትነቴ ይህን ጠይቄ አላውቅም። ያኔ የማረከኝ አለመፍራቱ ነበር፤ እኔ ግን በሕይወቴ ደፋር የሆንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ፈርቼ ሳለሁ። በቅቶኛል። ዘሃራ የተጠበሰውን ዓሣ ከነትኩስ ቂጣው አቀረበች፤ ስልኩን አጠፋንና ሦስታችንም እጃችንን ታጠብን።