ዳሮ ሰው አትቆጥርም

ዳሮ ጌይ ሰው አትቆጥርም። በወደቧ ከተማ በሩፊስክ ሰው በቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። እናት ልጆችሽ ስንት ናቸው ስትባል «አላህ የሰጠኝን ያህል» ብላ ታልፋለች፤ ጠያቂውም ይበቃዋል። ሥራዋ እንግዶችን በከተማው እያዞሩ ማስጎብኘት የሆነ ሴት ግን ይዛቸው የሄደችውን ሁሉ ይዛ መመለስ አለባት። ስለዚህ ዳሮ ሰዎቿን በኦቾሎኒ ትጠብቃለች።

ጠዋት ባቡር ጣቢያው ፊት ስትቀበላቸው ለእያንዳንዱ እንግዳ ከነቅርፊቱ አንድ ኦቾሎኒ መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች። ሌላ አንድ፣ መንታውን፣ ደግሞ ወገቧ ላይ ባሰረችው ከረጢት ትከታለች። «እንዳትበሉት» ትላለች፣ «ምሳ ስንደርስ እፈልገዋለሁ።» ከተማው ተዞሮ አልቆ አራም የምትባል ሴት ምግብ ቤት ሲደርሱ ሁሉም ኦቾሎኒውን በር ላይ ባለችው ቅል ይጥላል። ዳሮ የቅሉን ከከረጢቱ ጋር ጥንድ ጥንድ ታደርጋለች። ጥንድ ያጣ ኦቾሎኒ ከተገኘ ያልተመለሰ ሰው አለ ማለት ነው። አንድም ቀን ጥንድ ያጣ ተገኝቶ አያውቅም ነበር።

ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። አያቷ ከካኦላክ በባቡር ይመጣ የነበረውን የኦቾሎኒ ጆንያ ወደ መርከብ ሲሸከም ጀርባው የጎበጠ ሰው ነበር፤ እናቷ ዓሣ አድርቃ አሳደገቻት፤ እሷም ዓሣ ስታደርቅ ኖረች። አንድ ቀን መንገድ የጠፋበት እንግዳ ስለ አንድ አሮጌ መጋዘን ጠየቃት። ስታስረዳው፣ ከዚያም ይዛው ስትዞር ዋለች። ስትመለስ ድመቶች የቀኑን ዓሣ ጨርሰውት ጠበቋት። በሰፈሩ ሴቶች ዘንድ ይህ ወሬ እስከ ዛሬ ያስቃል፤ ሥራዋ የተጀመረው ግን ያን ቀን ነው።

እንግዶች የሚወዷት ለአነጋገሯ ነው። የፈረሰውን እንደቆመ፣ የሞተውን በር ላይ እንደተቀመጠ አድርጋ ታወራለች። ጣሪያው የረገፈውን የነጋዴዎች ቤት እያሳየች «አሁን ባለቤቱ በሰገነቱ ብቅ ይልና ተሸካሚዎቹን ይሳደባል» ስትል ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል።

አንድ ቀን ካኦላክ አካባቢ የሚኖሩ የአንድ ማኅበር ሴቶች መጡ። አለቃቸው ሱኬይና የምትባል ድምፀ ትልቅ ሴት ነች። አሮጊት እናቷን ክንዳቸውን ይዛ ከአውቶቡሱ አወረደቻቸውና ዳሮን ወደ ጎን ሳበቻት።

«እቴ፣ እማዬን አደራ። እማማ ቲዮሮ ይባላሉ። የተወለዱት እዚህ ነው፤ ለባል ከተሰጡ ወዲህ አልተመለሱም። አሁን አሁን ደግሞ ዘመኑ ይምታታባቸዋል።»

«የየትኛው ሰፈር ልጅ ናቸው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ባሕሩ ደጃችን ነበር ነው የሚሉት።»

ዳሮ ኦቾሎኒውን እማማ ቲዮሮ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው። አሮጊቷ ፈገግ አሉ።

ሴቶቹን በፈረስ ጋሪዎች አሳፈረቻቸው። የፊተኛው ጋሪ ባለቤት ሊባስ ሴክ ነው። ጌይና ሴክ ባገራችን የሚቀላለዱ ዘሮች ናቸው፤ ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ አንደኛው ታሟል ማለት ነው።

«ሆዳሟ መጣች!» አለ ሊባስ። «እናንተ ሴቶች፣ ጌይ አጠገብ ምግብ እንዳትፈቱ። ፈረሴን የምታየው ለፍቅር እንዳይመስላችሁ።»

«ዝም በል አንተ ሴክ። ዘርህ ለአንድ ጉርሻ ሩዝ ተሽጦ ያደረ ነው። የገዛነው እኛ ነን፣ እስካሁንም እየተቆጨን ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እማማ ቲዮሮም አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ።

ሰሞኑን ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባሕሩ ይነሣል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊትም መከላከያ ግንቡን ይመታል። ስለዚህ ዳሮ ወደ ባሕሩ ዳር ሳትወስዳቸው የከተማው መናፈሻ ላይ አቆመቻቸው። ኒም ዛፎቹ ሥር ቆማ በእጇ ቁልቁል አመለከተች።

«በዚህች ጠባብ መንገድ ስትወርዱ የትያውሌን ዓሣ አስጋሪዎች ሰፈር ነው። በስተግራ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ። በሩ አይዘጋም። ደረጃው ላይ አንዲት እናት ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች፤ ልጆቿ አሸዋው ላይ ይሯሯጣሉ፤ ድስቱ ተጥዷል…»

ያ ሰፈር የለም። ዳሮ ልጅ ሳለች ነው ባሕሩ ሦስት ረድፍ ቤት የወሰደው። ሌላ ጊዜ ግንቡ ላይ ታቆማቸውና ውኃውን እያሳየች ወሬዋን በዚያ ትጨርሰዋለች። ያን ቀን ግን ፀሐዩ በረታ፣ ሴቶቹም ራበን አሉ፤ ወሬው ድስቱ እንደተጣደ ቀረ።

አራም ምግብ ቤት ሲደርሱ የሩዙና የዓሣው ሽታ መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሴቶቹ እየተጋፉ ኦቾሎኒያቸውን ቅል ውስጥ ጣሉ። ዳሮ ጥግ ይዛ ጥንድ ጥንድ አደረገች። መጨረሻ ላይ አንዱ ብቻውን ቀረ።

«እህቶቼ» አለች፣ «አንድ ኦቾሎኒ ጎድሏል።»

«ምቢሲን ናት!» ጮኸ ሁሉም። «እሷን ጠይቂ! ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ እሱ ላይ ነው!»

ምቢሲን፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴት፣ ሁለት እጇን አነሣች። «እሺ በላሁት! መናፈሻው ውስጥ በላሁት። ኦቾሎኒ ስንዘራ ኖረን አንድ ፍሬ ይዘሽ ዙሪ ስትይኝ ምን ላድርግ?»

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ዳሮም ስቃ ብቻውን የቀረውን ኦቾሎኒ ወደ ከረጢቷ መለሰች። አራም ትላልቅ ገበታዎቿን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፤ ሴቶቹም ዙሪያውን ተቀመጡና ቢስሚላሂ ተባለ።

ሱኬይና ከዓሣው የራስጌውን ለስላሳ ሥጋ ፈልቅቃ፣ አጥንቱን ለቅማ፣ ወደ ጎን ዞረች። «እማዬ፣ ይኸው…»

ቦታው ባዶ ነበር።

«እማዬ የታሉ? ከናንተ ጋር አይደሉም እንዴ?»

«ከኛ ጋሪ አልነበሩም። ካንቺ ጋር መስሎን።»

ዳሮ ብድግ አለች። «ኦቾሎኒያቸውን ማን ጣለላቸው?»

የምቢሲን ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። «እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «መናፈሻው ላይ ሰጡኝ። ጣዪልኝ፣ እኔ እቤቴ ደርሻለሁ አሉኝ። እንዲሁ የአሮጊት ወሬ መስሎኝ… የሳቸውን ጣልኩ፣ የጎደለው የኔው ነው ብዬ…»

ከዚያ በኋላ ማንም የተናገረውን ዳሮ አልሰማችም። የራሷን ድምፅ ነበር የምትሰማው። በስተግራ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ። በሩ አይዘጋም። መንገዱን አንድ በአንድ የነገረቻቸው እሷ ናት።

ሮጣ ወጣች። ሊባስ ፈረሱን ውኃ እያጠጣ ነበር። ፊቷን አይቶ አልሰደባትም። «ጋሪው ላይ ውጪ፣ ዳሮ» አለ ብቻ። በስሟ ሲጠራት ሰምታ ስለማታውቅ ፍርሃቷ እጥፍ ሆነ።

ጋሪው በገበያው መሀል ሰው እየበተነ በረረ። ቲማቲም ሻጮቹ ሰደቧቸው፣ አልመለሱም። መናፈሻው ጋ ዳሮ ጋሪው ሳይቆም ዘላ ወረደችና በጠባቧ መንገድ ቁልቁል ሮጠች። የመንገዷ መጨረሻ ግንቡ ነው። ማዕበሉ ከወዲያ በኩል ሲመታው መሬቱ እግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል።

ግንቡ ላይ ወጥታ ቁልቁል አየች። አስጋሪዎች ወደ ጀልባቸው የሚወርዱበት ክፍተት አለ፤ ከዚያ ወዲያ፣ በድንጋዮቹ መሀል፣ ከአንድ ከጠፋ ቤት የተረፈ የሲሚንቶ ወለልና ሁለት ደረጃ። እማማ ቲዮሮ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀው ከጎናቸው አስተካክለው አስቀምጠዋል። ውኃው መጥቶ ቁርጭምጭሚታቸውን ያለብሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመጣል።

ሊባስ ከኋላዋ ደረሰ። «ወርጄ ልሸከማቸው።»

«ተው። ከፈሩ ይታገሉሃል፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ።»

በክፍተቱ በእጅና በእግሯ ወረደች። አልጌው እንደ ሳሙና ነው። ደረጃው አጠገብ ስትደርስ ውኃው ጉልበቷ ላይ ነበር። አሮጊቷ ቀና አሉ።

«ማን ነው ደጅ የቆመው?»

መጮኽ አማራት፤ እጃቸውን ይዛ መጎተት አማራት። ግን በሰው ደጅ የቆመች እንግዳ ነች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። እንዴት ዋልሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና። ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች?»

አንድ ማዕበል መጥቶ ወገቧን መታት። የደረጃውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። «ደህና ናቸው።»

«ሥራው? ዓሣው ተገኘ?»

«ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ።» ከአሮጊቷ ጫማዎች አንዱ ተንሳፈፈና ሄደ። እሳቸው አላዩትም። ዳሮ አየችው።

«ተቀመጪ እንጂ። እናቴ የተሰጣ ዓሣ ልታገላብጥ ሄዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች። የማን ወገን ነሽ?»

«ጌይ ነኝ፣ እማማ።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። «ጌይ! እኔን ሴክን ቤቴ ድረስ መጣሽብኝ? ጌይ ደጅ ላይ ከቆመ ድስቱ በስሏል ማለት ነው። ሂጂ፣ ምንም አልሰጥሽም!»

የዳሮ እንባና የባሕሩ ውኃ ፊቷ ላይ ተቀላቀሉ። ድምፅዋን ግን እንደ ጠዋቱ አደረገችው።

«አልለምንዎትም፣ እኔው እበላዋለሁ። ገበታ ቀርቧል። እርስዎ እዚህ ተቀምጠው የሚውሉ ከሆነ የሴክ ድርሻ ለጌይ ነው። የዓሣውን ራስጌ እኔ ነኝ የምጀምረው።»

«ራስጌውን?»

«አጥንቱ ተለቅሞ ተቀምጧል።»

«ሳልመጣ የነካ አለ?»

ሴቶቹን እየበሉ ትታቸው ነው የመጣችው። «አንድ እጅ አልተዘረጋም» አለች። «ትልቅ ሰው ሳይጀምር ማን ይነካል? ግን እኔ ጌይ ነኝ፤ ካልቀደሙኝ አልታመንም።»

እማማ ቲዮሮ ተነሡ። «እንዲህማ አይሆንም!» አሉና ክንዷን ይዘው፣ ከድንጋይ ድንጋይ፣ እየተሳደቡ ወጡ። ሊባስ ከላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። ዳሮ ዞር ስትል ደረጃው የነበረበት ቦታ ላይ አረፋ ብቻ ነበር።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉት ሊባስን፣ ጋሪው ላይ ሲያስቀምጣቸው።

«ሴክ ነኝ፣ እማማ።»

«እሰይ። ይቺን ጌይ ከኋላ አስቀምጣት፣ ምሳችንን እንዳትቀድመን።»

ሊባስ ፈረሱን ቀስ ብሎ ነዳው።

ምግብ ቤቱ ሲደርሱ ሱኬይና መንገድ ላይ ቆማ ነበር። እናቷን አቀፈች፤ እግራቸውን፣ እርጥብ ቀሚሳቸውን ዳሰሰች፤ ወደ ዳሮ ግን አልዞረችም። ውስጥ ገበታዎቹ ተሸፍነዋል። ሴቶቹ ከነኩት በኋላ መዋጥ አቅቷቸው፣ አራም ከላይ ትኩስ ሩዝ ደልድላ ደፍናው ነበር። እማማ ቲዮሮ ክዳኑ ሲነሣ ምንም ያልተነካ ሩዝ አዩና ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። መጀመሪያ እጃቸውን የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ዳሮን ጠሯት።

«ነይ፣ ሆዳም። አስርበን አንገልሽም።»

ዳሮ ጎረሰች። ሱኬይና ያኔ ነው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ያለቀሰችው፤ ምቢሲንም አጠገቧ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች።

ሊሄዱ ሲሉ ዳሮ አውቶቡሱ በር ላይ ከሱኬይና ፊት ቆመች። «መንገዱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «የሌለ ቤት አለ ብዬ።»

ሱኬይና በበሩ ወደ እናቷ ባዶ እግር አየች። «ለልጄ ጫማ የሚገዛበት አሳዪኝ» አለች፣ ከዚያ መሳሳቷ ገብቷት፣ «ለእናቴ» አለች። ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ዳሮ የራሷን ጫማ አውልቃ በመስኮቱ በኩል ለእማማ ቲዮሮ አቀበለቻቸው።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩ። ዓይናቸው አሁን የጠራ ነበር።

«ልጄ፣ እግሬ ርሶ ነበር። ባሕሩ ቤታችን ገባ እንዴ?»

«አዎ እማማ። ገባ።»

«ሲገባ ሰላም ብሎ ነው?»

«አይ። ዝም ብሎ ነው የገባው።»

«ባለጌ» አሉ እማማ ቲዮሮ፣ መስኮቱንም ዘጉት።

ዳሮ ዛሬም ሰው አትቆጥርም። ኦቾሎኒውን ግን በቅል አትቀበልም፤ ከየመዳፉ ራሷ ታነሣለች፣ ፊቱንም ታያለች። መናፈሻው ጋ ስትደርስ እጇን ቁልቁል ዘርግታ ስለ ሰማያዊው በር፣ ስለ መረቡ፣ ስለተጣደው ድስት ትናገራለች። እንግዶቹ ሊያዩት አንገታቸውን ሲያሰግጉ፣ «የሴኮች ቤት ነበር» ትላለች፣ «ባሕሩ ሰላም ሳይል ገባበት።»

ሊባስ ከጋሪው ላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ፣ ዝምታው እንዳይረዝም ብሎ ይጮኻል፦ «ድስቱን ግን ጌዮች ናቸው የጨረሱት!»