ላጲሶና የሌንሱ ስስ ሽፋን

ላጲሶ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለ መነጽር ቤት ጓዳ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ሌንስ እንዳይጫር መቀባት ነው። ሌንሱን በዓይን የማይታዩ የሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ማዕድን፣ ቅንጣቶች ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ ይነክርና የማንሻ ማሽኑን እጀታ በእጁ እያዞረ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያወጣዋል። ማሽኑ ድሮ ሞተር ነበረው። ሲቃጠል የቤቱ ባለቤት ራህማ ሌላ አልገዛችም፤ የላጲሶ እጅ ከሞተሩ ይበልጥ የረጋ ነበር።

ሌንሱን ፈጥነው ካወጡት ፈሳሹ ወፍሮ ይይዝና ቁልቁል ወርዶ ጠርዙ ላይ ይከማቻል። አዝግመው ካወጡት ይሳሳል። ፈሳሹ ሲተን ቅንጣቶቹ ይተፋፈጋሉ፣ ሽፋኑም መፍሰሱን ያቆማል። ያኔ የያዘው ቅርጽ እንዳለ ይቀራል፤ ማረም የለም።

ባለፈው ጥቅምት ሌንሶቹ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች መታየት ጀመሩ። ላጲሶ ችግሩ የፈሳሹ መሰለው። ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ይሆናል ብሎ አጣራው። አዲስ ጠርሙስ ከፈተ። ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋ። ያው ነው።

ራህማ ሦስት ቀን ከበሩ ሆና አየችው። በአራተኛው ቀን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሽ ላጲሶ፣ እስቲ አንዴ እኔ ላዙረው?»

ለቀቀላት። ሌንሱ ሲደርቅ መብራት ስር አዩት፤ ጥርት ያለ ነበር። ላጲሶ ቀና ብሎ አላያትም። ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ተመለከተው። አውራ ጣቱ ሳያዘው ይንቀጠቀጣል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ክረምት ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ አየሁ። ልነግርዎት አልቻልኩም።»

ጉርድ ሾላ ያለ ሐኪም የነርቭ ሕመም ነው አለው፤ መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ማታ ለሚስቱ ለገንዘቤ ሲነግራት ስለ በሽታው ብዙም አላወራም። «ከእንግዲህ ሌንስ ማውጣት አልችልም» አላት፣ ደጋግሞ። እሷ እጁን በሁለት መዳፎቿ ያዘች። በመዳፎቿ መሐልም አላረፈም።

ራህማ አላሰናበተችውም። አሁን እጀታውን እሷ ታዞራለች፣ እሱ ደንበኛ ይቀበላል። አንዳንዴ ጓዳ ገብቶ ከኋላዋ ይቆምና ፈሳሹ ሲወርድ ያያል። የሚቆምበትን ቅጽበት አሁንም ከእሷ ቀድሞ ያውቃል።

ትናንት ጠዋት ዞር ብላ «እንዴት ነው?» አለችው።

«ጥሩ ነው፤ ከእኔ አይተናነስም።»

ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገባና፣ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ።